ምዕራፍ 7፦ የውሰት ክንድ

ፌስታሉን ወለሉ ላይ ስዘረግፈው ጭንቅላት የሌለው ወታደር፣ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ ሁለት ክንዶች፣ ፊቱ የተፋቀ ባለ ጭምብል ጀግና፣ ጎማው የወለቀ መኪና፣ አንድ ቡት ጫማ ያደረገ እግርና ሌሎች ቁርጥራጮች ተበተኑ። ቦታው ሰቆጣ ነው፤ የፌስታሉ ባለቤት ደግሞ የ11 ዓመቱ የእህቴ ልጅ። ዓመቱን ሙሉ ከሰፈር ልጆች ጋር በቆርኪና በብይ እየተለዋወጠ ያጠራቀመው ሀብቱ ነው።

“አጎቴ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ሙሉ ሰው አይወጣም?” አለኝ።

ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ወታደር አልፈለገም። ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ የፍየል እረኛ ነው ያማረው። “ሱቅ ውስጥ እረኛ የለማ!”

እውነቱን ነው። ዋግ ኽምራ የፍየልና የማር አገር ነው፤ የአበርገሌ ፍየል የሚባለው ዝርያ እንኳ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው። በገበያ ቀን በኽምጣኛም በአማርኛም ከሚወራው ነገር ብዙው የፍየል ዋጋ ነው። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለው አሻንጉሊት ግን ወይ ጠመንጃ ይዟል፣ ወይ ጭምብል አጥልቋል። አባቱን፣ አያቱን ወይም ራሱን የሚመስል አሻንጉሊት ያላየ ልጅ፣ አሻንጉሊት የሚሆነው የሩቅ አገር ሰው ብቻ ይመስለዋል። ይህን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንመልስ። ከተሰባበሩ አሻንጉሊቶች አንድ ሙሉ ሰው ይወጣል። የሚወጣው ግን በቀለም ወይም በማስቲሽ ኃይል አይደለም። ነገሩ ሁሉ የሚቆመው በመጋጠሚያ ላይ ነው፤ አንዱ አካል ከሌላው በሚገናኝባት፣ ከሽምብራ ፍሬ በማትበልጥ ቦታ ላይ። ይህ ምዕራፍ በሙሉ ስለዚያች ቦታ ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። እግርና እጁ የሚታጠፈው ትንሽ ሰው በውጭው ዓለም “አክሽን ፊገር” ይባላል። ስሙ የተለመደው ሐስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ.አይ. ጆ የተሰኘውን፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ወታደር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ኩባንያው ወንዶች ልጆች “አሻንጉሊት” ሲባል ይሸሻሉ ብሎ ስለ ሰጋ ሌላ ስም አወጣ። በ1978 ደግሞ ኬነር የተባለው ኩባንያ የስታር ዋርስን ፊልም ገጸ ባሕርያት 9.5 ሴንቲሜትር ገደማ አድርጎ አወጣቸው። አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት አምስት ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ አንገት፣ ሁለት ትከሻና ሁለት ዳሌ። ከፌስታሉ የወጡት ርካሽ ወታደሮች የእነዚህ የልጅ ልጆች ናቸው። እኛ ግን “አሻንጉሊት” የሚለውን ቃል የምንሸሽበት ምክንያት የለንም።

ከአንድ አለት ወይስ ከብዙ ቁራጭ?

ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙ ራሱ አሠራሩን ይናገራል፤ ከአለት የተወቀረ ማለት ነው። ወቃሪው ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልደረበም። የነበረውን አለት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቤቱን ከውስጡ አወጣው። ግድግዳውና ጣሪያው አንድ አካል ናቸው፤ በመካከላቸው የሚላላ ወይም የሚወልቅ ነገር የለም። ስህተት ግን ይቅርታ የለውም። አንዴ የተፈለጠ አለት ተመልሶ አይለጠፍም።

አሁን ደግሞ እዚያው አካባቢ ወደ ማሳ እንውጣ። ገበሬው በትከሻው የተሸከመው ዕቃ አንድ ይምሰል እንጂ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገልና ማረሻ ነው። እንጨቱ ከዛፍ፣ ብረቱ ከባለ እጅ ቤት፣ ጠፍሩ ከበሬ ቆዳ መጥቷል። ድግሩ ቢሰበር ሞፈሩ አይጣልም። ማረሻው ቢያልቅ ሌላ ይገባበታል። ዕቃው ዕድሜ ያለው መገጣጠሚያ ስላለው ነው።

የሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚሠራው ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ መንገድ ነው፤ ወይ ይወቅራል ወይ ይገጣጥማል። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚሠራው ሰው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ በርሜልን ምድጃ የሚያደርገው ቀጥቃጭ፣ በአዲስ አበባ ሰፈሮች “ቁራሌው!” እያለ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ልጅ፣ ሁሉም የሁለተኛው ወገን ናቸው። የሌላ ነገር አካል የነበረው ለአዲስ ነገር አካል ይሆናል። የእኛም እረኛ ከዚህ ወገን ነው። ክንዱ የውሰት፣ እግሩ የውሰት፣ ጭንቅላቱ የውሰት። ጥያቄው የተዋስነውን ክንድ ትከሻው ይቀበለዋል ወይ የሚለው ነው።

ዶሮና ቢላዋ

ከመግጠም በፊት መበለት አለ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክንዱን ይዞ ይጠመዝዛል፣ ቀጭኑ ቦታ “ቀጭ” ይላል፣ የክንዱ ጉማጅ ትከሻው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ዶሮ ስትበልት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። አሥራ ሁለቱን ብልት ስታወጣ ቢላዋዋ ድምፅ አያሰማም። ጭኑን ትይዛለች፣ ወዲያና ወዲህ ታወዛውዘዋለች፣ አጥንት ከአጥንት የሚለያይባትን ቦታ በአውራ ጣቷ ታገኛለች፣ ከዚያ ቢላዋው በራሱ መንገድ ያልፋል። አንድ ቀን እኔ ስሞክር አጥንቱን እገዘግዝ ጀመር። “ቢላዋው እምቢ ካለህ መንገዱን ስተሃል ማለት ነው” አለችኝ። ይህን ያህል ዓመት ስለ ዕቃ አሠራር ስጽፍ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላገኘሁም።

አሻንጉሊቱም ዶሮ ነው። ክንዱን ከመሳብ በፊት አወዛውዙት። የሚዞረው በየት በኩል ነው? ስንጥቁ፣ ማለት ሁለቱ አካሎች የተገናኙበት ቀጭን መስመር፣ የት ላይ ይታያል? ደረቱ ከጀርባ በትናንሽ ብሎኖች የታሰረ ከሆነ ብሎኑን መፍታት ነው። ብሎን ከሌለው ክንዱ በኳስ የገባ ሊሆን ይችላል፤ የገባው ኳስ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ጭራሽ መስመር የማይታይበት ከሆነ ግን አካሉ እንደ መስቀለ ክርስቶስ አንድ ወጥ ነውና ተዉት፤ ለሌላ ሥራ ይሆናል።

ወንዴው ትንሽ ይብለጥ

እጃችሁን ዳሌያችሁ ላይ አድርጉና እግራችሁን በቀስታ አዙሩ። የጭናችሁ አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌያችሁ ላይ ደግሞ ኳሱን የሚቀበል ጎድጓዳ አለ። የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚገባውን “ወንዴ”፣ የሚቀበለውን “ሴቴ” ይሉታል፤ እኛም በዚሁ እንቀጥል።

ከአሻንጉሊቱ ጋር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለን። የእኛ ዳሌ በጣም አንሸራታች ነው። አጥንቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጅማት ነው፤ እግራችንን አንሥተን በአየር ላይ የምናቆየው በጡንቻ ነው። አሻንጉሊት ጅማትም ጡንቻም የለውም። ክንዱን አንሥታችሁ ዱላ ብታስይዙት ክንዱን ወደ ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው? መጋጠሚያው ራሱ ነው። ያቺ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቦታ ለመዞር የላላች፣ ለመያዝ የጠበቀች መሆን አለባት። ሁለት እርስ በርስ የሚጣሉ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ትሠራለች።

ምስጢሩ እንዲህ ነው። ወንዴው ከሴቴው በጣም በጥቂቱ ይበልጣል። የጠርሙስ ቡሽን አስቡ። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ቢያንስ ይወድቃል፤ እኩል ቢሆን እንኳ ጠርሙሱ ሲዘቀዘቅ ሊሾልክ ይችላል። ቡሽ የሚይዘው ከአፉ ትንሽ ስለሚበልጥና ተጨምቆ ስለሚገባ ነው። ከገባ በኋላ ወደ ውጭ ሊሰፋ ይገፋል፣ ጠርሙሱ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በ4ኛው ምዕራፍ ስለ ሰበቃ ስንነጋገር አይሱዙ የጭነት መኪና ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሁለት ነገሮች ተጫጭነው ሲፋተጉ የሚፈጠረው ኃይል መሆኑን አይተናል፤ መጫጫኑ በበረታ ቁጥር መያዙም ይበረታል። የአሻንጉሊቱን ክንድ ከፍ አድርጎ የሚያቆየው ያው ኃይል ነው።

“ትንሽ” ስል ምን ያህል ነው? የሰው ፀጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ሚሊሜትር አይሞላም። የመጋጠሚያ ዕጣ የሚወሰነው በዚህ መጠን ነው። ወንዴው አንድ ሁለት ፀጉር ቢያንስ ክንዱ ይንጠለጠላል፤ ከልክ ቢያልፍ ሴቴው ይሰነጠቃል። የዴንማርኩ ሌጎ ዝናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1958 ያስመዘገበው የጡብ አገጣጠም እስከ ዛሬ ስላልተለወጠ፣ የዚያን ጊዜ ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። ፌስታሉ ውስጥ ያሉት አሻንጉሊቶች ግን ከተለያየ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። አንዱ ሌላውን አያውቀውም። የወታደሩ ክንድ የጀግናውን ትከሻ ሊያገባ የተሠራ አይደለም፤ እኛ ነን የምናጋባቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልኬት ነው። ካሊፐር ካላችሁ መልካም። ከሌላችሁ የትራፓኖ ፑንታዎች ይሆናሉ፤ ቁጥራቸው ላያቸው ላይ ተጽፏል። ባለ 6ቱ ፑንታ ያለ ጉልበት ገብቶ ባለ 7ቱ እምቢ ካለ የጉድጓዱ አፍ በሁለቱ መካከል ነው። የኳሱን ወገብ ደግሞ በክር አንድ ዙር ለኩና ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉት።

እኛ ስንለካ ቀኝ ክንዱ ለትከሻው ልክ ሆኖ ተገኘ። የግራው ኳስ 6 ሚሊሜትር፣ ጉድጓዱ ግን 6.4 ነበር። የልጁ ፊት ጠቆረ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የሚያስተምረው የማይገጥመው ነውና።

ወጌሻው ለምን ያሞቃል?

ትከሻው የወለቀ ሰው ወጌሻ ዘንድ ሲሄድ ወጌሻው ወዲያው አይጎትትም። በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ያሞቃል፣ በቅባት ያሻል፣ የደነደነው ሥጋ ሲላላ ነው አጥንቱን ወደ ቤቱ የሚመልሰው። የአሻንጉሊት ወጌሻም ሙቅ ውሃ ያስፈልገዋል።

በ5ኛው ምዕራፍ አንዳንድ ፕላስቲክ እንደ ቅቤ መሆኑን አይተናል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል። አብዛኞቹ አሻንጉሊቶች ከሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ይሠራሉ። ጭንቅላትና እጅ በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ የሚሰረጉድ፣ ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳው ዓይነት ነው። ደረትና ጭን ብዙ ጊዜ ኤቢኤስ ከሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ኤቢኤስ የሚለሰልሰው 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ለስላሳው ፒቪሲ ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት እጅ ይሰጣል።

እዚህ ላይ ሰቆጣ የራሷን ትምህርት ትሰጠናለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነን አየር ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ሰቆጣ ላይ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ይንተከተካል። ደጋ ላይ ንፍሮ የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ቢፈላም ሙቀቱ ያን ያህል አይደለም። ለእኛ ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለስላሳውን ያለሰልሳል፤ ደረቁን ሳያጣምም ይተወዋል።

አሠራሩ አጭር ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ ከእሳቱ አውርዱት። መጋጠሚያውን ለ1 ደቂቃ ያህል ንከሩት። በጨርቅ ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ፣ እያወዛወዛችሁ ወደ ውጭ ሳቡ። ስታስገቡም ሴቴው ለስላሳ ከሆነ እርሱን አሙቁ፣ ወንዴውን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሩት። ሴቴው ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ ልኩ ተመልሶ ኳሱን ይጨብጠዋል። ቀኝ ክንዱ “ጧ” ብሎ ሲገባ ልጁ እጄን ይዞ ዘለለ።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። በቀጥታ በእሳት፣ በሻማ ወይም በክብሪት አታሙቁ። ፒቪሲ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ የአሲድ ጭስ ያወጣል። ሙቅ ውሃውንና ምላጩን የሚይዘው ትልቅ ሰው ነው፤ ልጁ ይለካ፣ ይምረጥ፣ ይግጠም።

የመጥረቢያ ዛቢያ ሲላላ

የግራውን ክንድ አልረሳሁትም። በኳሱና በጉድጓዱ መካከል 0.4 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማስቲሽ ያፈስበታል። ክንዱ ይይዛል፤ ግን ከዚያ በኋላ አይዞርም፣ መጋጠሚያው ሞቷል። እረኛው ዱላውን ትከሻው ላይ ማጋደም ከፈለገ ዘለዓለም አይችልም።

የመጥረቢያ ዛቢያ ሲላላ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? እንጨቱ እንዲያብጥ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ወይም ጫፉ ላይ ሽብልቅ ይመቱበታል። ሁለቱም መንገድ ወንዴውን ያወፍረዋል። ለአሻንጉሊትም ያው ነው። ክፍተቱ የፀጉር ያህል ከሆነ ኳሱን ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ቀብቶ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ማቆየት፣ ካልበቃ መድገም ነው። ሳይደርቅ ከገባ ይጣበቃል። የእኛ ክፍተት ለጥፍር ቀለም ሰፊ ስለነበረ ከፈነዳ ፊኛ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠን ኳሱን አለበስነው። ፊኛው በዚህም በዚያም የጎደለውን ውፍረት ጨመረለት፤ ጎማ ስለሆነም አያንሸራትትም። ክንዱ ገባ። ወደ ላይ ሲያነሡት ቆመ፣ ሲያወርዱት ወረደ።

ወንዴው ከልክ በላይ ሲወፍር መንገዱ ተቃራኒው ነው። በብርጭቆ ወረቀት እያዞሩ መፈግፈግ፣ ሁለት ሦስት ዙር በተፈገፈገ ቁጥር ገጥሞ ማየት። ቸኩሎ የፈገፈገ ሰው ተመልሶ ፊኛ ይፈልጋል።

አንገቱ ደግሞ ጭራሽ አልተግባባም። የወታደሩ አካል አንገቱ ላይ ኳስ ነበረው፤ ከቁርጥራጮቹ መካከል የመረጥነው ጭንቅላት ግን ከሥሩ ድፍን ነው። ወንዴም ሴቴም በሌለበት መሥራት ግድ ነው። የአንገቱን ኳስ ቆረጥን፣ አንገቱንም ጭንቅላቱንም በቀጭን ፑንታ በሳን፣ ከአግራፍ የተቆረጠ አጭር ሽቦ በሁለቱ መካከል አስገባን። ሽቦው ጭንቅላቱ ውስጥ ተጣበቀ፣ አንገቱ ውስጥ ግን ሳይጣበቅ ጠበቅ ብሎ ቀረ። እረኛው ግራና ቀኝ ያያል፣ ወደ ሰማይ ግን ቀና አይልም። ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል ብዬ ፈረድሁ።

ጭንቅላቱን የመረጥነው በመጠኑ ነው። የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ጭንቅላት 7 ጊዜ ተኩል ገደማ ያህላል። እረኛችን 15 ሴንቲሜትር ነውና ጭንቅላቱ 2 ሴንቲሜትር መሆን ነበረበት። የጀግናው ጭንቅላት 3 ስለነበረ ቀረ።

ጋቢና ዱላ

ከዚህ በኋላ ያለው ደስታ ነው፣ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የወታደሩን ኪሶች በምላጭና በሞረድ አስወገድን። ጋቢው ከአያቱ አሮጌ ነጠላ የተቀደደ ነው፤ እጥፋቱን እንደያዘ እንዲቆም በውሃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ነክረን ትከሻው ላይ እንዳለ አደረቅነው። ከቀለም በፊት ፕላስቲኩን በሳሙና ማጠብ አይቀርም። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ይሻላል፤ የዘይት ቀለም ለስላሳ ፒቪሲ ላይ ለወራት ሳይደርቅ እጅ ላይ እየተጣበቀ ሊቆይ ይችላል። መጋጠሚያውን ግን አትቀቡ። ቀለምም ውፍረት አለውና ያን ሁሉ የለካችሁትን ልክ ያበላሸዋል፤ ደግሞም ክንዱ በዞረ ቁጥር ይላጣል።

ዱላው የወይራ ጭራሮ ነው፣ 12 ሴንቲሜትር። የእረኛው ቀኝ እጅ ጠመንጃ ሊይዝ የተጨበጠ ስለነበረ፣ ጭራሮው እዚያው የጠመንጃው ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

እረኛው አሁን ሰቆጣ ውስጥ መስኮት ላይ ቆሟል። እስከ ዛሬ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሁለቱንም ጊዜ የወለቀው የግራ ክንዱ ነው፤ የተሰበረ ነገር የለም። መልሶ የገጠመውም ልጁ ራሱ ነው።